ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቅርጫት ኳስን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ይኖራል። ጉራ ማለት የሌለውን አለኝ ማለት ነው፤ እኔ ያለኝን ነው የምናገር። ሰባ ዓመት አልፎኝ ዛሬም ኳስ ሳነጥር ዓይኔ መሬት አያይም። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያጉረመርማል እንጂ አይከዳኝም። ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ወረቀት የሰጠኝ መሥሪያ ቤትም የለም፤ በንፋስ መውጫ ሜዳ ላይ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች ያሠለጠንሁ እኔ ነኝ። በዚሁ በሚያኮራኝ እውቀት የአንዲት ልጅ ዕድል ጠፋ። ሌላው አጣምሞ ሳይተርከው ራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ጨዋታውን ያየሁት በጎልማሳነቴ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የዕቃ ቤት ዘበኛ ሳለሁ ነው። መሐንዲሶቹ ምሰሶ ላይ ክብ ብረት በይደው፣ ሥራ ሲያበቃ ኳስ ይወረውሩ ነበር። ሌሎቹ ዘበኞች ኳሱን ያዩ ነበር፤ እኔ እግራቸውን አየሁ። ሰውየው ሲዞር የትኛው እግሩ ተተክሎ እንደሚቀር፣ ሊዘል ሲል ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ የመጨረሻዋ ጣት የትኛዋ እንደሆነች። ቤቴ ስገባ ባዶ እጄን ወደ ላይ እያነሣሁ እወረውር ነበር፤ ሚስቴ ጸሎት ይመስላት ነበር። ካምፑ ሲነሣ አንዲት የፈነዳች ኳስ ጥለው ሄዱ። በጎማ ቁራጭ ለጠፍኋት፣ በብስክሌት መንፊያ ነፋኋት። የጋይንት ቅርጫት ኳስ የተጀመረው ከዚያች ኳስ ነው ብል የሚከራከረኝ የለም፤ ሊከራከረኝ ይችል የነበረውም ሞቷል።

ሜዳውን የሠራሁት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለ ጠፍ መሬት ላይ ነው። ድንጋዩን ለቅሜ፣ አፈሩን ደልድዬ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተከልሁ። ቀለበቱን ከፌሮ ብረት አጠፍሁ፣ መረቡን ከማዳበሪያ ጆንያ ክር ገመድሁ። በፊት ሁለት ቅርጫት ነበረን፤ የአንዱ ምሰሶ ሥሩ በስብሶ በአንድ ክረምት ወደቀ። አላነሣሁትም። ሁለት ቅርጫት የሚያስፈልገው ለሚጫወት ነው፣ ለሚማር አንድ ይበቃዋል እል ነበር። የከተማው ሰው የኳሱ የኔታ የሚል ስም አወጣልኝ። ሊያሾፉብኝ ነው፤ እኔ ግን ስሙን ወድጄ ተቀበልሁት።

የአሠለጣጠን ዘዴዬን ልናገር፤ የሚጠቅመው ካለ ይውሰደው። ጀማሪ እኔ ዘንድ ሲመጣ አንድ ወር ሙሉ ወደ ቅርጫት አይወረውርም። ኳስ ያነጥራል፤ ያውም ጠጠር በበዛበት በሜዳው ዳር። ጠጠር ላይ የነጠረች ኳስ ወዴት እንደምትሄድ አታስታውቅም፤ ስለዚህ እጅ ቀድሞ መጠበቅን ይማራል። በመዳፉ የሚያነጥረውን በልምጭ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ፤ ኳስ የጣት ጫፍ ናት፣ የመዳፍ አይደለችም። ትንሽ የገፉትን ቀኝ እጃቸውን በመቀነት ከወገባቸው ጋር አስሬ በግራ ብቻ አስነጥራቸዋለሁ፤ ግራ እጃቸው ማንኪያ መያዝ እስኪያምረው ድረስ። የበሰሉትን ዳገቱን ወደ ኋላ እየሮጡ አስወጣቸዋለሁ፤ በዚያ የተፈተነ ጭን ተቃራኒውን ሲከላከል አይዝልም። ዝላይ የማስተምረው በተጋደመ ግንድ ላይ ነው፤ አወጣጡን አላይም፣ አስተራረፉን እንጂ። ሁለት እግሩን እኩል፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያላረፈ እንደገና ይዘላል። በሃያ ዓመት ውስጥ በእኔ ሜዳ ጉልበቱ የወለቀ ልጅ የለም። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ይህን ይበሉኝ።

ከሁሉ የምኮራበት ግን ሌላ ነበር። የከተማችንን ነፋስ የማያውቅ የለም። ልጆቹ ጠዋት ትምህርት ቤት ናቸው፣ በበዓል ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ በጾም ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱምና ባዶ ሆዳቸውን አላስሮጣቸውም። ስለዚህ ልምምዳችን ዓመት እስከ ዓመት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ የሚመጣውም በዚያው ሰዓት ነው። ቅርጫቱ ፊት የቆመን ሰው ከቀኙ ይመታዋል፤ ቀጥ አድርጎ የወረወረውን ኳስ ወደ ግራ ይወስድበታል። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ሊያሳብደኝ ደርሶ ነበር። ኋላ እጄን ዘርግቼ ሰሌዳው ላይ ለካሁ። ከቀለበቱ መሐል ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር አሳልፎ ያነጣጠረ ሰው፣ ነፋሱ ራሱ ኳሱን አምጥቶ ያስገባለታል። ሰሌዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ልጆቹ ምልክቱን እያዩ ወረወሩ፤ ዝናብ ሲያጥበው አደስሁት፤ ጨርሶ ከጠፋም በኋላ እጃቸው አልረሳውም። ነፋስን አሽከር ያደረግሁ እኔ ነኝ እያልሁ በየጠላ ቤቱ አወራሁ።

ከመካነ ኢየሱስ የመጡ ተጫዋቾች አንድ ጊዜ እኛ ሜዳ ላይ ገጠሙን። ኳሳቸው ሁሉ በቅርጫቱ ግራ እያለፈ የአጥሩን ቁልቋል ሲመታ ዋለ፤ አሸነፍናቸው። በሌላ ጊዜ እኛ ወደ እነሱ ሄድን፤ ተሸነፍን። ዳኛው የእነሱ ሰው ነው ብዬ እየተራገምሁ ተመለስሁ። ዛሬ ሳስበው ዳኛው አንድም ጥፋት አልነበረበትም።

ልጅቱ ወደ እኔ የመጣችው በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ወደ ስማዳ በሚያወርደው ቁልቁለት የሚኖር ገበሬ ነው። እነሱ አገር ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆማል። ስለዚህ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከአርብ ገበያ እያመላለሰች ትማር ነበር። አንድ ቀን ኳስ ከሜዳ ወጥታ ወደ መንገዱ ስትንከባለል እሷ የዱቄት ከረጢት አዝላ ታልፍ ነበር። ከረጢቷን ሳታወርድ ኳሷን አንሥታ መለሰችልኝ። ሌላ አላፊ አግዳሚ ኳስ ሲመልስ ይጥላታል፤ የእሷ መጥታ ደረቴ ላይ ገባች። እስቲ ድገሚው አልኋት። ምኑን አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አልተለያየንም።

እንደ እሷ ያለ አላየሁም። ረጅም ናት፤ በላስቲክ ኮንጎ ጫማ ጠጠሩ ላይ ስትሮጥ ኮቴዋ አይሰማም። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አሳይቻት አላውቅም። ከሁሉ የገረመኝ እጇ ነው፤ አንዴ የያዘውን ልማድ አይለቅም። በዚያ ነፋስ መሐል ከዐሥር ስምንቱን ታገባ ነበር። ኋላ ተኩስ በዝቶ ጊዜው ከፋና ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘጋ። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ወደየቤታቸው ወረዱ፤ እሷ ቀረች። የሰው ቤት ልብስ እያጠበች በልታ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ትገኝ ነበር።

ማስታወቂያው የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለአንድ የስፖርት ማሠልጠኛ ሴት ተጫዋቾች ይመረጣሉ፤ የተመረጠች መኝታዋም፣ ምግቧም፣ ትምህርቷም እዚያው ነው። ዕድሜዋ ከዐሥራ ሰባት ያልበለጠ ይላል። እሷ ዐሥራ ሰባትን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ነው የቀሯት፤ የሚቀጥለው ዓመት ለእሷ የለም። ሌሎች ሁለት ልጆችም አዘጋጀሁ። እነሱ ገና ትንንሾች ናቸው፣ ቢወድቁ ተመልሰው ይሞክራሉ።

አባቷ ይህን ሰምቶ ወደ ከተማ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ሜዳው ዳር ቆሞ ልጁ ስትሮጥ አየ፣ አየና ወደ እኔ ዞረ። ትምህርቱ እንደ ቆመ፣ ልጅቱ እንዲሁ ከተማ መቀመጧ እንዳላማረው፣ ለልጃቸው የጠየቋት ደህና ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ።

«ስሟ ከወጣ ትሂድ፣ አልከለክልም» አለ። «ካልወጣ ግን የኔታ፣ ከፋሲካ በኋላ ይዣት እወርዳለሁ። ለሰዎቹም ቃሌን እሰጣለሁ።»

«እኔ ያሠለጠንኋት እኮ ናት» አልሁት። «ሌላ ሴት ፈልጉ ይበሏቸው።»

ልጅቱ አጠገባችን ቆማ ኳሷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። አባቷ ከሄደ በኋላ፣ ጋሼ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ብቻ እጅሽን አታስቢው፣ እሱ መንገዱን ያውቃል አልኋት።

መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋ ነበር። በተከፈተበት ቀን ሦስቱንም ይዤ በሚኒባስ ወጣሁ። በየኬላው ወርደን ተፈተሽን፤ ኳሷን ሳይቀር እየተጫኑ አዩዋት። ባሕር ዳር ገብተን ከአንዲት ዘመዴ ቤት አደርን፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ምርጫው ሄድን።

ቦታው ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። እኔ እንዲህ ያለ ሜዳ በሕይወቴ ረግጬ አላውቅም፤ ግን ፊቴ ላይ እንዲነበብ አልፈለግሁምና ሜዳ ያው ሜዳ ነው አልኋቸው ለልጆቹ። መስኮቶቹ ከፍ ብለው ከላይ ናቸው፤ ሁሉም ተዘግተዋል። ሻማ ብታበራ ነበልባሉ አይነቃነቅም። ይህን በዓይኔ አየሁት እንጂ በልቤ አላሰብሁትም።

መራጩ ወጣት አሠልጣኝ ነው፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ወረቀቱ ጭኑ ላይ። ሽበቴን አክብሮ ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«አባባ፣ የት ነው የሠለጠኑት?» አለኝ።

«እኔን ያሠለጠነኝ ዓይኔ ነው።»

ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ እኔን ግን አነደደኝ። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ መቀነቱ፣ ስለ ዳገቱ ሁሉን ዘረዘርሁለት። የእኔ ልጆች ውርወራ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ሊያስቀምጥ እንደሚችል፣ መቁጠር እንደማያስፈልገው ነገርሁት። እሺ አባባ እናያለን አለ።

መጀመሪያ ሩጫ ነበር፣ ቀጥሎ ዝላይ፣ ቀጥሎ ኳስ እያነጠሩ በእንቅፋቶች መሐል ማለፍ። ከመላው አገሩ በመጡ ልጆች መሐል ልጅቱ በሦስቱም የቀደማት የለም። ስትዘል ወጣቱ ከወንበሩ ተነሥቶ አየ፤ ለባልደረባው ይቺን ያዝልኝ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ደረቴን ነፋሁ። የቀረው ውርወራ ብቻ ነው። እያንዳንዷ ከቅጣት መስመር ቆማ ዐሥር ትወረውራለች፤ አምስት ያላገባች ትቀራለች። ነፋስ መሐል ስምንት ለምታገባ ልጅ አምስት ምን አላት።

ከእኔዎቹ መጀመሪያ የቆመችው ትንሿ ናት። ኳሷ የቀለበቱን ቀኝ ጠርዝ መታና ወጣች። ደንግጣለች አልሁ። ሁለተኛውም ቀኝ፣ ሦስተኛውም ቀኝ። ዐሥሩን ስትጨርስ ያገባችው አንድ ነው። ሁለተኛዋ ቆመች። ቀኝ። ቀኝ። እንደገና ቀኝ፤ ሁሉም አንዲት ቦታ ላይ፣ በሚስማር እንደ ተመታ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እዚህ ቤት ነፋስ የለም፤ የእኔ ልጆች ደግሞ ነፋስ በሌለበት ወርውረው አያውቁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርኋቸው ቅርጫቱን መሳት ነበር፤ ያገባ የነበረው ነፋሱ ነው።

የልጅቱ ተራ ደረሰ። ከአግዳሚው ተነሥታ የምታልፈው በእኔ ፊት ነው። እጇን ያዝ አድርጌ ስንዝሩን ተዪው፣ ቀጥ አድርጊ ብላት አለቀ። ግን ወጣቱ አሠልጣኝ ክንዱ ክንዴን እየነካ ተቀምጧል። አሁን ገና ያን ሁሉ ነግሬዋለሁ። የምን ስንዝር ይለኛል። እመልስለታለሁ፤ ይስቃል፤ ለባልደረባው ይነግራል፤ ጋይንት ድረስ ይሰማል። አፌን ዘጋሁ። ምናልባት የእሷ እጅ ራሱ ያውቀዋል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ስታልፍ ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልሁላት።

የመጀመሪያው ቀኝ። ሁለተኛው ቀኝ። ሦስተኛው ቀኝ።

«አባባ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ነው የሚሄድባት» አለኝ ወጣቱ ዘንበል ብሎ። «ክንዷን ታማለች እንዴ?»

«ደህና ናት» አልሁት።

አራተኛውም፣ አምስተኛውም ያው። የቀሩት አምስት ናቸው፤ አንዱንም ሳትስት ማግባት አለባት። የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው። ሊያስቆመኝ የሞከረውን ሰው እጅ ገፍቼ መስመሩ ድረስ ሄድሁ።

«ልጄ፣ እዚህ ነፋስ የለም» አልኋት። «ቀጥ አድርገሽ ወርውሪ።»

ዓይኗን ከቀለበቱ አላነሣችም። «አይቻለሁ ጋሼ» አለች በቀስታ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቻለሁ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ወደ ቦታዬ መለሱኝ። ኳሷን ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች። በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ጨብጣ፣ የሰው እጅ እንደምትገራ ሁሉ ወደ መሐል አመጣችው። ስድስተኛውን አገባች። ሰባተኛውን አገባች። ስምንተኛው የቀኙን ጠርዝ ነክቶ፣ በቀለበቱ ላይ አንድ ዙር ዞሮ ወደ ውጭ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ሁለቱ ለምንም አይጠቅሙም ነበር፤ ቢሆንም ወረወረቻቸው። ሁለቱም ቀለበቱን ሳይነኩ ገቡ።

አራት። ተራዋ ሲደርስ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ከዐሥሩ ስንቱን ታገባ እንደ ነበር አሁን አውቄዋለሁ። የጎደለው አንድ ነው።

ወጣቱን ለመንሁት። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እጅጌውን ይዤ አንድ ኳስ ብቻ ይጨመርላት አልሁት። አዘነ፤ አይቼዋለሁ፤ እሱም ልጅቱን ፈልጓታል።

«ምክንያቱን ይንገሩኝና ልጻፈው አባባ» አለኝ። «ለአለቆቼ የማሳየው ምክንያት ያስፈልገኛል።»

ምክንያቱ አፌ ላይ ነበር። «ወለሉ ያንሸራትታል» አልሁት።

«ወለሉ ለሁሉም ያው ነው» ብሎ እጅጌውን ቀስ አድርጎ አስለቀቀኝ።

ከሰዓት በኋላ የስም ዝርዝሩ በር ላይ ተለጠፈ። ልጅቱ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ እንሂድ አለች። በመኪና ውስጥ ትንንሾቹ ምን ነካን እያሉ ሲጠይቁኝ እኔ በመስኮት አያለሁ። የመለሰችላቸው እሷ ናት። የእነሱ ኳስ ከእኛው ይከብዳል አለቻቸው። ለእኔ ብላ እንደምትዋሽ እኔም አውቄያለሁ፣ እሷም ማወቄን አውቃለች። ውሸቱን ወሰድሁት። ንፋስ መውጫ ገብቼ ለጠየቀኝ ሁሉ ኳሱ ከባድ፣ ቀለበቱም ጠማማ ነበር ብዬ አወራሁ።

ፋሲካ አለፈ። አባቷ እንዳለው መጣ። እሷ ልትሰናበተኝ ቤቴ ድረስ መጥታ ነበር፤ ድምፅዋን ስሰማ ጓዳ ገብቼ ሚስቴን የለም በያት አልኋት። ሚስቴ ይህን አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ አለማንሣቷ ነው የሚከብደኝ።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ አልገፋ አሉኝ። አንድ እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ሰዓት፣ ብቻዬን ወደ ሜዳው ወጣሁ። ዐሥር ወረወርሁ። ዐሥሩም በቀኝ በኩል ሄደ። የማውቀውን ነገር ለምን በዓይኔ ማየት እንዳስፈለገኝ አላውቅም። ሠርጉ ለግንቦት መቆረጡን ሰምቼ ነበርና፣ ወርጄ ለአባቷ ሁሉን ልናዘዝ፣ ሠርጉን ትቶ ልጅቱን ለእኔ እንዲሰጠኝ ልለምነው ቆረጥሁ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ቤቴ ትቀመጣለች፤ ከእኔ ማዕድ ትበላለች። ማሠልጠኛው ቢዘጋባትም መማር አይዘጋባትም።

አርብ ገበያ የደረስሁት በገበያው ቀን ነው። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ሽቅብ ሲመጣ እኔ ብቻዬን ቁልቁል ወረድሁ። ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በአገራችን የበደለ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። ሽማግሌ አልያዝሁም፤ ለእነሱም መንገር ሊኖርብኝ ነውና። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። ትልቁን ነው የመረጥሁት። በዚያች ሰዓት እንኳ ጠጠር ይዞ መጣ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር።

አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርብ ነበር። አየኝና መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ብቻዎን?» አለ። «ሽማግሌ የለም?»

«ሽማግሌው እኔው ነኝ።»

አልሳቀም። «ያውርዱት የኔታ። ደም አልተቃባን።»

ከሰሙኝ በኋላ አወርደዋለሁ ብዬ ጎንበስ እንዳልሁ ሁሉን ነገርሁት። ስለ ነፋሱና ስለ ስንዝሩ፣ ተራዋ ከመድረሱ በፊት ገብቶኝ ዝም ስለማለቴ፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ ጓዳው። ሲሰማኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«እኛ አውድማ ላይ እህሉን በላይዳ ከማዝራታችን በፊት እፍኝ ገለባ በትነን ነፋሱን እናያለን» አለ በመጨረሻ። «በየቀኑ ነው የምናይ። ትናንት በዚህ ነፍሶ ነበር ብሎ የሚያዘራ የለም።»

ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር የሃያ ዓመት ስሕተቴን ነገረኝ። ቀድሞ ብጠይቀው ቀድሞ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። የመጣሁበትን ልመና ጀመርሁ። ሠርጉ ይቅር፣ ልጅቱን ይስጡኝ፣ እንደ ልጄ...

«ማንን ልስጥዎት?» አለ። «ልጅቱ የለችም።»

ማክሰኞ ውሃ ልትቀዳ ብላ ወጥታ አልተመለሰችም። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች ልጆች ጋር ነው የሄደችው፤ ደላላ አለ፣ ወደ ዓረብ አገር በእግርና በመኪና የሚያሻግር። በየብስና በባሕር እንደሚወስዱ፣ ከሚሄዱት ውስጥ ድምፃቸው የጠፋ እንዳሉ እሱም እኔም ሰምተናል። ለታናሽ እኅቷ ደርሼ እደውላለሁ ብላት ነው የሄደች። እስከ ደብረ ታቦር ተከትሎ ፈልጎ አጥቷታል።

«ቀኑን የቆረጥሁባት እኔ ነኝ» አለ። «በደሉን ብቻዎን አይሸከሙት።» ተነሥቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ ከማጅራቴ አወረደው። እኔም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ሚስቱ ውሃ አመጣችልኝ፤ ፊቷን አላየሁትም። እሱ ከጎኔ ተቀመጠ።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለ። «ትችል ነበር? ወይስ ያን ጊዜ እንዲሁ ሊያስደስቱኝ ነው?»

«ከእኔ ትበልጥ ነበር» አልሁት። ይህን ቃል ስለ ማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም። እሷ በአጠገቤ ሳለች አንድ ቀን እንኳ አልነገርኋትም፤ ገና ብዙ ይቀርሻል ነበር የምላት።

ቤታቸው ኔትወርክ የለም። የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ከተመለሰ ወዲህ እርሻውን ትቶ እዚያ ነው የሚውል፤ ሞፈር ሲጠርብ ያገኘሁት የስልኩ ባትሪ አልቆ ጎረቤት ቤት እስኪሞላለት ወርዶ ነው። ስልኩ ሲመጣ አብረን ወጣን። ከደወለች እርስዎም ያናግሯት አለኝ። ስልኩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በባርኔጣዬ ጥላ አድርገንለት ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ጮኸ። ሁለታችንም ተነሣን። ስለ በሬ ግዢ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እነሱ ዘንድ ሦስት ቀን ቆየሁ። ጠዋት እንወጣለን፣ ሲመሽ እንወርዳለን። በአራተኛው ቀን ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ፣ ከደወለች ይህን ስጧት ብዬ ዳገቱን ተያያዝሁት። ይህን እስከምጽፍበት ቀን አልደወለችም። እሷ ነፋስ አለመኖሩ የገባኝ አምስት ኳስ ከሳተች በኋላ ይመስላታል። ከመቆሟ በፊት ማወቄን፣ ፈገግ ስልላት ማወቄን፣ ከእኔ አፍ መስማት አለባት። ስልኬን ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ አላጠፋውም።